የያዕቆብ መንገድና የዘመናችን ወላጆች



በጉራጌ ምድር የመስቀል በዓል የመገናኛ በዓል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መስከረም 17 ቀን ሲቃረብ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። እናት ከብዙ ወራት በፊት ጀምራ ቅቤዋን ታጠራቅማለች፤ አባት ስለ እርዱ ያስባል፤ በምድጃው ዙሪያ የእያንዳንዱ ልጅ ቦታ የታወቀ ነው። ልጅ ወደ ወላጅ ይመጣል እንጂ ወላጅ ወደ ልጅ አይሄድም፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ይህ ነው።

በዘመናችን ግን ይህ ሥርዓት የማይሞላላቸው ቤቶች በዝተዋል። ልጃቸው ያለው ከወልቂጤ ወይም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ነውና። ቀደም ሲል ባገለገልንበት አንድ የገጠር ቁምስና የሚኖሩ ባልና ሚስት ገበሬዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የበኩር ልጃቸው ወደ አሜሪካ ከሄደ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል ገንዘብ ይልካል፤ እርሱ ራሱ ግን አንድም ጊዜ አልመጣም። እኒህ ሁለት አረጋውያን በመጨረሻ ተነሥተው ወደ እርሱ ሄዱ። ታሪካቸውን ስማቸውን ሳንጠቅስ እንድንጽፍ ፈቅደውልናል፤ እኛም በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመለከተው ወደናል።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። ባልና ሚስቱ የጉዞአቸውን አሳብ ሊነግሩን በመጡ ጊዜ ልጃቸው ለአውሮፕላኑ ጉዞ ብቻ ምን ያህል ገንዘብ እንዳወጣ ሰማንና በልባችን የቤተ ጸሎታችንን የቆርቆሮ ክዳን አሰብን። በዚያ ገንዘብ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ቆጠርን። አሳባችንን በልባችን ብቻ ብንይዘው ባልከፋ፤ ነገር ግን፣ “በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል መንገድ ምን ያደርግላችኋል? ገንዘቡ ለሌላ መልካም ሥራ ቢውል አይሻልምን?” አልናቸው። ባልየው አንገታቸውን ደፉ። ሚስትየው ግን ቀና ብለው፣ “አባታችን፣ ልጃችን በየዓመቱ ብር ይልክልናል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። እኔ ግን የወለድሁት ብር አይደለም” አሉን። የምንመልሰው ቃል አጣን። ባርከን ሸኘናቸው።

ልጅህ በሕይወት አለ

ይህን የእናት ቃል በሰማን ጊዜ የአባታችን የያዕቆብ ታሪክ ታወሰን። የዮሴፍ ወንድሞች ከግብፅ ተመልሰው ዮሴፍ በሕይወት እንዳለና በግብፅ ምድር ሁሉ ላይ ገዥ እንደሆነ ለአባታቸው ነገሩት። ዮሴፍ የላካቸው ሠረገላዎች በደጅ ቆመዋል፤ የግብፅን በረከት የተሸከሙ አሥር አህዮች፣ እህልና ስንቅ የጫኑ ሌሎች አሥር አህዮች ተከትለዋል (ዘፍ. 45፡21-27)። ያዕቆብ ግን ስለ ጭነቱም ስለ ሹመቱም አልተናገረም። ልጄ በሕይወት ካለ ይበቃኛል፤ ሳልሞት ሄጄ አየዋለሁ አለ እንጂ። ሥልጣንና ሀብት የተነገረው አባት ከዜናው ሁሉ መርጦ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ መኖሩን።

ወላጆች ሆይ፣ እስቲ ራሳችንን እንመርምር። ከባሕር ማዶ ስልክ ሲደወልልን አስቀድመን የምንጠይቀው ምንድን ነው? ጤናውን ነው ወይስ የሚላከውን? ጎረቤት ስለ ልጃችን ሲጠይቀን የምንመልሰው ስለ ኑሮው ነው ወይስ ስላሠራልን ቤት? የወላጅ ፍቅር ሳይታወቀው ወደ ሂሳብ ይለወጣል። እኛ ካህናትም ከዚህ ነጻ አለመሆናችንን ከላይ ተናዘናል።

በቤርሳቤህ መቆም

ያዕቆብ ጉዞውን ሲጀምር ወደ ልጁ ቢቸኩልም በቀጥታ ወደ ግብፅ አልሮጠም። በቤርሳቤህ ቆሞ ለአባቱ ለይስሐቅ አምላክ መሥዋዕት ሠዋ። በዚያች ሌሊት እግዚአብሔር በራእይ ተናገረው፤ ወደ ግብፅ መውረድን እንዳይፈራ፣ እርሱም አብሮት እንደሚወርድ አረጋገጠለት (ዘፍ. 46፡1-4)። እንግዲህ ያዕቆብ ፈርቶ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌ ነው፤ አባቶቹ የተቀበሩባትን ምድር ትቶ ቋንቋውን ወደማያውቀው ሕዝብ መሄዱ ነው። እግዚአብሔር ስለ ፍርሃቱ አልነቀፈውም፤ ከእርሱ ጋር እንደሚሄድ ነገረው እንጂ።

የእኛ ባልና ሚስትም የየራሳቸው ቤርሳቤህ ነበራቸው። ከጉዞው በፊት በነበረው እሑድ ንስሐ ገብተው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ለእያንዳንዳቸው የተፈቀደው ጭነት ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ስለሆነ፣ ሻንጣውን በመንደሩ የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ እየሰቀሉ ሲያወጡና ሲመልሱ ሰነበቱ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎውና ቡናው ተቀነሰ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ከእኛ የተቀበሏቸው ሁለት መቁጠሪያዎች ግን አልተቀነሱም።

የአውሮፕላን ነገር የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ከባድ አውሮፕላን ለጉዞው ሁሉ የሚበቃውን ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ በመካከል አንድ ስፍራ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል። ይህ ለነፍሳችን ትልቅ ምሳሌ ነው። በአንድ ቀን ጸሎት የሕይወትን መንገድ ሁሉ እንጨርሳለን ብለን አንታበይ። ከፍ ካለ ስፍራ የተነሣም ቢሆን በመንገድ ማረፍና መሞላት ያስፈልገዋል። የእሑድ ቅዳሴ፣ ንስሐና የማታ ጸሎት የመንገዳችን ማረፊያዎች ናቸው።

ሚስትየው ስለዚያች ሌሊት ሲነግሩን፣ “የማይነጋ ሌሊት ነበር፤ መቁጠሪያውን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ ብጨርስ አሁንም ጨለማ ነው” ብለዋል። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ይበር ስለነበር ሌሊቱ ከእነርሱ ጋር እየሄደ ረዝሞባቸው ነው። በእምነት ሕይወትም እንዲሁ የሚረዝም ሌሊት አለ። መፍትሔው መቁጠሪያውን እንደገና ከመጀመሪያው መያዝ ነው።

የደከመው ልጅ

ዮሴፍ አባቱን ለመቀበል ሠረገላውን አዘጋጅቶ ወደ ጌሤም ወጣ፤ በተገናኙም ጊዜ በአንገቱ ላይ ብዙ አለቀሰ (ዘፍ. 46፡29)። ዮሴፍ ወንድሞቹን ወደ አባታቸው በላካቸው ጊዜ በግብፅ ስላለው ክብር እንዲነግሩት አዝዞ ነበር (ዘፍ. 45፡13)። ስለ ባርነቱና ስለ እስር ቤቱ ግን እንዲነግሩት አላዘዘም። ልጆች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ክብራቸውን ይልኩልናል፤ ዕንባቸውን ለራሳቸው ያስቀራሉ።

ባልና ሚስቱ ከአገራቸው ሲነሡ በልባቸው ወቀሳ ይዘው ነበር። ልጁ ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን አላስባረከም፤ ሁለት ልጆቹ አልተጠመቁም፤ ለመስቀል አይመጣም። አባትየው የሚናገሩትን ቃል በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጁ ሄዱ። በዚያ የደረሱ ሰሞን ግን ልጃቸውን ለወቀሳ የሚበቃ ጊዜ ያህል እንኳ አላገኙትም። ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ ነበረው። ከሚስቱ ጋር በበር ላይ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንድ ሌሊት አባትየው ነቅተው ሲወጡ፣ ልጃቸው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጫማውንም ሳያወልቅ በወንበር ላይ ተቀምጦ ተኝቶ አገኙት። በፊቱ ተንበርክከው የጫማውን ማሰሪያ ፈቱለት። “ስልኩ ይህን አላሳየንም ነበር” አሉን ይህን ሲነግሩን።

ጌታችን በመጨረሻው እራት ሌሊት በደቀ መዛሙርቱ እግር አጠገብ ዝቅ ብሎ ነበር (ዮሐ. 13፡1-15)። እኒያ ገበሬ አባት የተንበረከኩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። ልጁም ነቃ፤ አባቱን በእግሩ አጠገብ ባየ ጊዜ ደነገጠ። በዚያች ሌሊት ሁለቱ እስኪነጋ ድረስ ተነጋገሩ። ልጁ፣ “አባቴ፣ ለመስቀል ያልመጣሁት አፍሬ ነው፤ ሁላችሁም ያከበረ ልጅ አለን ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ነኝ” አለ። አባትየው ለወራት ያዘጋጁትን ወቀሳ ትተው፣ “እኛም ያለህን ሳናውቅ በሬውን፣ ቤቱን፣ የወንድምህን ትምህርት እያልን አስጨንቀንሃል፤ ይቅር በለን” አሉት። ሊወቅሱ የሄዱ ሰው ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። የጉዞው ዋጋ በዚያች ሌሊት ተከፈለ ብንል አልተሳሳትንም። የቆርቆሮው ሂሳባችን ይህን ሊቆጥር አይችልም ነበር።

ምናሴ የተባለው የልጅ ልጅ

በቅዱስ መጽሐፍ ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ የሰየመበት ምክንያት ተጽፏል፤ እግዚአብሔር ድካሙንና የአባቱን ቤት ስላስረሳው ነው (ዘፍ. 41፡51)። ይህ ለያዕቆብ የሚያሳዝን ስም ነው። በባዕድ ምድር፣ ከግብፃዊት እናት የተወለደው የልጅ ልጁ ስሙ “መርሳት” ሆኖ ጠበቀው፤ የተረሳውም የእርሱ የያዕቆብ ቤት ነው። ሌላ አያት ቢሆን ፊቱን ባዞረ ነበር። ያዕቆብ ግን ዓይኖቹ በእርጅና ፈዝዘው ሳለ ሁለቱን ልጆች ወደ እርሱ አስቀረበ፤ ሳማቸው፤ አቀፋቸው፤ እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የራሱ ልጆች አድርጎ ተቀበላቸው፤ እጆቹንም በራሳቸው ላይ ጭኖ ባረካቸው (ዘፍ. 48፡5-20)። መርሳት የሚል ስም የተሸከመው ልጅ በአያቱ በረከት ከእስራኤል ነገዶች አንዱ ሆነ።

ይህን አያቶች ሁሉ በልባቸው ያኑሩት። እኒያ ባልና ሚስትም በልጃቸው ቤት ያገኙአቸው ሁለት ሕፃናት ጉራጊኛም አማርኛም አይሰሙም ነበር። የታላቁን ስም አያቲቱ እስከ መጨረሻው አጥርተው መጥራት አልቻሉም። መጀመሪያ ሕፃናቱ ከበር ኋላ ሆነው ይመለከቷቸው ነበር። አያቶቹ ግን አልገሠጹም፤ ቋንቋ ስለሌላቸውም መስበክ አልቻሉም። በየማታው በአንድ ሰዓት ወደ መስቀሉ ዞረው ተንበርክከው መቁጠሪያ ይደግሙ ነበር፤ ሌላ ምንም አላደረጉም። በሁለተኛው ሳምንት ታናሺቱ መጥታ በአያቷ አጠገብ ተንበረከከች። በሦስተኛው ሳምንት ታላቁ መጣ። እነዚያ ከሚዛኑ ያልተቀነሱት ሁለት መቁጠሪያዎች ያን ጊዜ ከሻንጣው ወጡ። ሕፃናቱ ከአያቶቻቸው አስቀድመው የተማሩት በመስቀል ምልክት ማማተብ ሆነ።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ይመሰክራል (2ጢሞ. 1፡5)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአረጋውያን መልእክት ጽፈው ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2021 የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በየዓመቱ በጁላይ ወር አራተኛ እሑድ እንዲከበር ደንግገዋል። ቤተ ክርስቲያን አረጋውያንን የምታከብረው ስለ ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም፤ እምነትን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግሩ ድልድዮች ስለሆኑ ነው። ያዕቆብ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ የ130 ዓመት ሽማግሌ ስደተኛ ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡን የባረከው እርሱ ነው (ዘፍ. 47፡7-10)። በልጆቻችሁ ቤት ባዶ እጃችሁን የተቀመጣችሁ አይምሰላችሁ። የምትሰጡት በረከት አላችሁ።

ምን ይመልሳችኋል?

ለጉብኝት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። እኒያ ባልና ሚስትም በአስተርጓሚ፣ “ወደ አገራችሁ የሚመልሳችሁ ምንድን ነው?” ተብለው ተጠየቁ። የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ነበር። ባልየው ግን ደብተሩን ከማሳየታቸው በፊት፣ “አምና ያዛወርሁት እንሰት አለ፤ ሲደርስ ሳላየው አልቀርም” ብለው መለሱ። ፈቃዱም ተሰጣቸው።

እንሰት የሚተክል ሰው የትዕግሥት ሰው ነው። ተክሉ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በዚያም መካከል ከአንዱ ስፍራ ተነቅሎ ወደ ሌላው እየተዛወረ ያድጋል። መነቀሉ አይገድለውም፤ የሚንከባከበው እጅ ካለ ያጠነክረዋል። በባዕድ ምድር ያሉ ልጆቻችንም የተዛወሩ ተክሎች ናቸው። ሥራችን ስለ መነቀላቸው ሁልጊዜ ማልቀስ ሳይሆን በጸሎትና በፍቅር ሥራቸውን ማጠጣት ነው።

ልጁ ወላጆቹ አብረውት እንዲቀሩ ለመነ። እነርሱ ግን ሦስት ወር ተቀምጠው ተመለሱ። ይህን ስንል መመለስ ሁሉ ጽድቅ፣ መቅረት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለታችን አይደለም፤ ያዕቆብ ራሱ በግብፅ 17 ዓመት ኖሯል። ነገር ግን ሊሞት በቀረበ ጊዜ በግብፅ እንዳይቀብረው፣ ወደ አባቶቹ መቃብር እንዲወስደው ዮሴፍን አስማለው (ዘፍ. 47፡28-31)። በግብፅ ቢኖርም አገሩን አልረሳም። እኛም ሁላችን፣ በእርሻችን ላይ ያለነውም በባሕር ማዶ ያሉትም፣ በዚህ ምድር እንግዶች ነን፤ የምንናፍቀው የሚበልጠውን ሰማያዊ አገር ነው (ዕብ. 11፡13-16)። ስለዚህ ያ ጥያቄ ለእያንዳንዳችን ነው፤ ወደ አባታችን ቤት የሚመልስህ ምንድን ነው? በዚያ የተከልኸው ምን አለህ?

ምን እናድርግ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከዚህ ሁሉ ጥቂት ነገሮችን ለሥራ እንውሰድ። ወላጆች በስልክ ከልጆቻችሁ ጋር ስትነጋገሩ ከገንዘቡ አስቀድማችሁ ስለ ድካማቸው ጠይቁ፤ ለልጅ ልጆቻችሁም ቋንቋችሁን ባይሰሙ እንኳ ስማቸውን ጠርታችሁ መርቁአቸው። በውጭ ያላችሁ ልጆች ይህ ጽሑፍ ቢደርሳችሁ፣ ያለባችሁን ድካም ከወላጆቻችሁ አትሰውሩ፤ ወላጆቻችሁ የወለዱት እናንተን እንጂ ክብራችሁን አይደለም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየመንደራችሁ ልጆቻቸው የራቁባቸውን አረጋውያን ታውቃላችሁ። በተለይ በበዓላት ሰሞን ጎብኙአቸው፤ ደብዳቤና ሰነድ አንብቡላቸው፤ ለመንገድ የተነሡትንም ሳይባረኩ እንዳይሄዱ ወደ ካህን አምጡአቸው። አረጋውያንም ሕፃናትን በጸሎት እንዲያስተምሩ በማኅበራችሁ ስፍራ ስጡአቸው። እኛ ካህናት ደግሞ የምእመናንን ፍቅር በቆርቆሮ መመዘን እንተው።

እኒያ ባልና ሚስት በተመለሱ ጊዜ ስለ ሕፃናቱ ጥምቀትና ስለ ልጃቸው ጋብቻ ጠየቅናቸው። “እንሰቱን አዛውረናል፤ መድረሱ የእግዚአብሔር ነው” አሉ። እኛም ዝም አልን። ከአምስት ወር በኋላ ልጁ ከአሜሪካ ስልክ ደወለልን። በሚኖርበት አካባቢ ወዳለው ቁምስና ሄዶ ከካህኑ ጋር መነጋገሩን፣ ስለ ጋብቻው ቡራኬም የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን መጠየቁን ነገረን። የድሮውን የጥምቀት መዝገብ ከሣጥን አወጣን። የወረቀቱ ዳር በምስጥ ተበልቷል፤ ስሙ ግን ከእኛ በፊት በነበሩት ካህን የእጅ ጽሕፈት ሳይደበዝዝ ይነበባል። ከዚያ ቀድተን፣ ማኅተም አትመን ላክንለት። የቤተ ጸሎታችን ክዳን አሁንም በዝናብ ጊዜ ያፈስሳል፤ ቢሆንም በዚያች ቀን ከዚያ ክዳን ሥር ተንበርክከን እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ከያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅ የወረደ፣ ከቅድስት ቤተሰብ ጋር በስደት የተጓዘ አምላካችን፣ በሩቅ ያሉትን ልጆቻችንንና በናፍቆት ያሉትን ወላጆቻቸውን ይጠብቅ። በመንገድ ያሉትን ይምራ፤ የረሱትን ያስታውስ፤ የተረሱትን ይጎብኝ። የመንገደኞች እናት ድንግል ማርያም በአማላጅነቷ ትርዳን። ሁላችንንም አንድም ቦታ ባዶ በማይሆንበት በሰማያዊው ማዕድ ይሰብስበን። አሜን።